በግድግዳው በኩል ያለው ጎን

ጥቅምት 8

እናትሽ ከሞተች በኋላ ሦስት ጊዜ ጽፈሽልኛል። በሦስቱም ደብዳቤ መጨረሻ ላይ «እማዬ ሰላም ትልሃለች» ብለሻል። የሞተች ሴት ሰላምታ ልከሽልኛል፤ እኔም እንደ ጅል በሦስቱም መልሴ «ሰላም በያት» ብያለሁ። በደልሽ ይህ ነው። ሌላ ስም አላወጣለትም፤ አላለዝበውም።

እንዴት እንደሰማሁ ልንገርሽ። የጎረቤታችን የልብስ ሰፊው ወንድም አንቺ ካለሽበት ከተማ መጥቶ ደጃፌ ላይ አገኘኝ። እጄን በሁለት እጁ ይዞ «ያጽናዎት፣ አባት» አለኝ። ትከሻዬ ላይ ጥጥ የሞላ ጆንያ ነበር። ስለ ወገቤ የሚያዝንልኝ መስሎኝ «ምን ይደረግ፣ እርጅና ነው፤ ጋደም ስል ይተወኛል» አልኩት። ሰውየው አየኝ። ከዚያ ዞሮ ወንድሙን አየ። ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል «አልነገሩትም እኮ» አለ። እንዲህ ነው የሰማሁት። ጆንያውን እንኳ ለማውረድ ጊዜ አላገኘሁም።

ስለ ዓይኔ ጠይቀሻል። ድኗል። ከምፈልገው በላይ ያያል።

ልምጣ ወይ ብለሻል። አትምጪ። ብትመጪም በሩን አልከፍትልሽም። የት እንዳስተኛሻት ብቻ ጻፊልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።

ፍራሽ አዳሹ


ጥቅምት 19

ለተከበሩ አባቴ፣

ሰላም ልበልዎት ብል አፍ የለኝም። እንዴት ሰነበቱ ማለትም አፈርኩ። ያስተኛኋት ከከተማው በስተ ጀርባ ባለው ኮረብታ ላይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚያርፍበት በኩል። ዛፍ አለው። ነፋስ አይበዛበትም።

ምክንያቴን እንዳልነግርዎት ይከለክሉኝ ይሆናል፤ ግን አንድ ጊዜ ልናገርና ዝም ልበል። ለሕክምና እኔ ዘንድ ከመጣች በኋላ፣ እንደማትድን ስታውቅ፣ እርስዎ ዓይንዎን የሚቀደዱበት ሳምንት ነበር። እጄን ይዛ «ሐኪሙ እንባ ከልክሎታል» አለችኝ። «ያን ሰውዬ አውቀዋለሁ። ሰው ፊት አያለቅስም፤ ብቻውን ሲሆን ግን እንደ ሕፃን ነው። ፋሻው እስኪፈታ ዝም በይ።»

«ከዚያስ?» አልኳት።

«ከዚያማ ይጮህብሻል። ትችይዋለሽ።»

የመጀመሪያውን ደብዳቤ እሷ ባዘዘችኝ መሠረት ጻፍኩ። ሁለተኛውን የጻፍኩት ፋሻው ከተፈታ በኋላ ነው፤ ፈርቼ ነው። ሦስተኛውን ግን ለራሴ ጻፍኩት። «ሰላም ትልሃለች» ብዬ በጻፍኩ ቁጥር ጓዳ ውስጥ ዕቃ የምታስቀምጥ ይመስለኝ ነበር። ለዚህ ማመካኛ የለኝም።

ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ልጅዎት


ጥቅምት 30

ይህን «እርስዎ» ከየት አመጣሽው? ስታጠፊ ብቻ ነው እንደ ሹም የምታከብሪኝ። ልጅ ሆነሽ መስኮት ስትሰብሪም «አባባ፣ ይመጣሉ?» ብለሽ ነበር የጠራሽኝ፤ ያኔ ነው ማጥፋትሽ የገባኝ። ተይው። አይበጅሽም።

እናትሽ አዘዘችኝ ብለሻል። አምናለሁ። እንደዚያ ያለ ነገር የምትል ሴት ናት። ግን አንቺ የማታውቂው ነገር አለ፤ እሱን ልንገርሽና ይብቃ።

ፋሻዬ ተፈትቶ ቤት ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ፍራሻችንን ነው። ለካስ ስንት ዘመን በዳበሳ ነው የኖርኩት። ጨርቁ ወይቧል፣ ስፌቱ ላልቷል፣ ጥጡ ተጓጉሏል። በግድግዳው በኩል የእናትሽ ጎን ጎድጉዷል። የትከሻዋ፣ የዳሌዋ፣ የታጠፈ ጉልበቷ ቦታ ሁሉ ይታያል። እዚያ ላይ ውሃ ብታፈሺ እሷን አክሎ ይቆም ነበር። ፍራሽ አዳሽ ለመሆኔ አፈርኩ። የሰው ፍራሽ እያደስኩ የሚስቴን እንዲህ ጥዬዋለሁ አልኩ። በሳምንቱ ሁለተኛው ደብዳቤሽ ደረሰኝ፤ «ወገቧን ትንሽ ቢያማት ነው እንጂ ደህና ናት፣ ሰላም ትልሃለች» ይላል።

ለታመመ ወገብ ጎድጓዳ ፍራሽ አይሆንም። ስትመለስ ደስ ይበላት ብዬ ተረተርኩት።

ጥጡን ግቢ አሰጣሁት። ፀሐይ ሲመታው ቆየ። ከዚያ የጥጥ መንደፊያ ደጋኔን አውጥቼ ነደፍኩት፤ እያፏጨሁ ነው የነደፍኩት። ልብስ ሰፊው በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ «ምነው፣ ሙሽራ ልታስገባ ነው?» አለኝ። «አሮጊቷ ልትመጣ ነው» አልኩት። አንድም እብጠት እንዳይቀር በጣቶቼ እየዳበስኩ ፈታሁ። የተጓጎለውን ሁሉ በተንኩት። ሞልቼ፣ በሲባጎ ወጥሬ ሰፋሁት። አሁን እንደ ጠረጴዛ ነው። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ እኩል ፍራሽ ሠርቼ አላውቅም።

ነግረሽኝ ቢሆን አልነካውም ነበር። ከእሷ የቀረኝ እሱ ነበር፤ በገዛ እጄ ነድፌ አጠፋሁት። አሁን ገባሽ?

ከዛሬ ጀምሮ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ከጻፍሽ ደብዳቤሽን ሳልከፍት እመልሰዋለሁ። መጻፍ ካለብሽ ስለ ሥራሽ ጻፊ። ሰዎች ልጅሽ ምን ትሠራለች ሲሏት እናትሽ «ሰማይ ትመዝናለች» ትል ነበር። እኔ ለዘመናት ዝም ብዬ ሰማሁ። ሰማይ በምን ይመዘናል? ቀስ ብለሽ ጻፊው። እኔ ማንበብ የተማርኩት ድሆች ፍራሽ ውስጥ ከሚጠቀጥቁት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው፤ ብዙው ገጽ ግማሽ ነበር።

ፍራሽ አዳሹ


ኅዳር 14

አባዬ፣

ስለ ሥራዬ ብቻ።

የምሠራው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። መስኮቷ ሁልጊዜ በመጋረጃ ይሸፈናል፤ ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ካረፈች ምንም አይታይም። ማሞቂያው ያፏጫል። ሰዎች ሰማይ የሚያጠና ሰው ቀና ብሎ የሚውል ይመስላቸዋል፤ እኔ አጎንብሼ ነው የምውለው። ሰማይን የሚያቀርብ ትልቅ መነጽር ያነሳቸውን የሩቅ ጋላክሲዎች ምስል እያየሁ ቅርጻቸውን እለካለሁ። ጋላክሲ ማለት የከዋክብት ከተማ በለው። ከዚህ ሲታይ ደብዛዛ ጭረት ነው።

አሁን ከመጀመሪያው ልነሳ። አንተ ጥጥ ስለምታውቅ በጥጥ ልንገርህ፤ ከተቆጣህ ይቅር በለኝ።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር እኩል ተነድፎ ነበር። ኮከብ የለም፣ ባዶ ቦታ የለም፣ እዚህና እዚያ የሚባል ነገር የለም። የሚያበራ ጉም ብቻ። ግን ፍጹም እኩል አልነበረም፤ ከመቶ ሺህ ክር አንዷ ክር የምታህል ልዩነት ነበረችው። ትንሽ የወፈረው ቦታ ትንሽ ይስባል። ስለሳበ ይወፍራል፤ ስለወፈረ አብልጦ ይስባል። እንዲህ እያለ፣ ማንም ሳይቸኩል፣ ሰማይ መጓጎል ጀመረ።

ነገር ግን አንድ ችግር ነበር። እኛ የተሠራንበት ቁስ፣ አንተም እኔም ጥጡም፣ ልሰብሰብ ሲል ብርሃኑ እየገፋ ይበትነዋል። ያኔ ብርሃን ዛሬ እንደምናውቀው የዋህ አልነበረም። ብርሃን የማይነካው ሌላ ቁስ ግን ነበር። ጨለማ ቁስ እንለዋለን፤ ስሙ ነው እንጂ ጨለማም አይደለም፣ ብርሃን በመሃሉ ያልፋል። እሱ ማንም ሳያየው ቀድሞ ተሰበሰበ፤ ቀድሞ ጎድጓዳ ሠራ። በኋላ ብርሃኑ ሲደክምና ጉሙ ሲገለጥ የኛው ቁስ እየተንከባለለ እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ወደቀ። ከዋክብት የበሩት እዚያ ነው። እኛም የመጣነው ከዚያ ነው። ቦታውን አስቀድሞ ያበጀልን የማይታየው ነው።

አንዳንዴ ሥራ ሲደክመኝ ዓይኔን ጨፍኜ አስበዋለሁ። ያ ሁሉ ተጎትቶ ክር ክር ሆኖ፣ ክሮቹ ተገናኝተው ቋጠሮ ሠርተው፣ በመሃላቸው ማንም የሌለበት ሰፊ ባዶ። ማሞቂያው ሲያፏጭ ያ ባዶ የሚተነፍስ ይመስለኛል።

በምን ይመዘናል ላልከኝ፦ ከኋላ ያለው ጋላክሲ ብርሃኑ በማይታየው ክብደት አጠገብ ሲያልፍ ትንሽ ይጣመማል። እኔ የመጣመሙን ልክ ነው የምለካው። ከዚያ ምን ያህል እንደተጓጎለ እናውቃለን። በኛ ልኬት ሰማዩ ይሆናል ተብሎ ከታሰበው በጥቂቱ ለስልሶ፣ መጓጎሉ አንሶ ተገኘ። አለቃዬ «ወይ ሰማዩ ተሳስቷል ወይ አንቺ» አለኝ። «የትኛችን?» ስለው «ሰማዩ ደሞዝ አይቀበልም፤ ስለዚህ አንቺ ሂጂና ስህተትሽን ፈልጊ» አለ። እየፈለግኩ ነው።

ልጅህ


ኅዳር 27

ደብዳቤሽን አነበብኩት። ለልብስ ሰፊውም አነበብኩለት፤ መርፌ አፉ ውስጥ ይዞ ሰማኝ።

«ስለዚህ ልጅህ የምትመዝነው የሌለ ነገር ነው» አለ።

«ያለ ነገር ነው። የማይታይ ነው እንጂ።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ሰደብኩት። እሱም «እኔ ለማይታይ ሰው ሱሪ ብሰፋ ማን ይከፍለኛል?» እያለ ከሰዓቱን ሙሉ ሲስቅ ዋለ። ሥራሽ በመንደሩ መሳቂያ አደረገኝ።

አሁን የኔን ስሚ። እንዳልሽው ከሆነ ነገሩ እኩል ጀምሮ ራሱን አጓጎለ። አልቀበልም። ጥጥ በራሱ አይጓጉልም። የነደፍኩትን ጥጥ መደርደሪያ ላይ ትቼው ከርሜ አውቃለሁ፤ አቧራ ይጠጣል እንጂ ቋጠሮ አያወጣም። ጥጥ የሚጓጉለው ተኚ ሲኖረው ነው። ያለ ተኚ የጎደጎደ ፍራሽ እጄ ገብቶ አያውቅም። አንቺ ደግሞ ተኚው አለ፣ ግን አይታይም ትያለሽ። ይህ ያላወቀ ሰው መልስ ነው። ደንበኛ «ይህን ማን አጎደጎደው?» ሲለኝ «አላውቅም» እለዋለሁ እንጂ «ስውር ሰው ተኝቶበት» አልለውም። ብለው ፍራሹን ይዞ ወደ ሌላ አዳሽ ይሄዳል፤ እውነትም አለው።

ክሩና ቋጠሮው ግን ደስ ብሎኛል። ጥጥ ስነድፍ ከደጋኑ አምልጦ አየር ላይ ሲንሳፈፍ እንደዚያ ነው። ፀሐይ ገብታበት ሳለ ሥራ አቁሜ አየሁት። ብዙ አየሁት።

ቀሚስ ታስፈልግሽ እንደሆነ ልብስ ሰፊው ጠይቅልኝ ብሎኛል። እኔ አልጠየቅኩሽም፤ እሱ ነው።

ፍራሽ አዳሹ


ታኅሣሥ 12

በየት በኩል ነው የምትተኛው ብለሽ በአንድ መስመር ትጠይቂኛለሽ? ስለ ሥራሽ ጻፊ አልኩ እንጂ ስለ አልጋዬ መርምሪኝ አላልኩም። ሰማይና አልጋዬን ምን አገናኛቸው? የሚያገናኛቸው ካለ ብዬ ነው የምመልስልሽ።

በበሩ በኩል እተኛለሁ። ጫፉ ላይ። ድሮም እዚያው ነበርኩ፤ እናትሽ ግድግዳውን ትወዳለች፣ እኔ ቀድሜ እነሳለሁ። ልብስ ሰፊው አንድ ቀን ወገቤ ይዞኝ ተኝቼ ሊጠይቀኝ ገብቶ «አንተ ሰውዬ፣ ይህን ሜዳ የሚያህል ፍራሽ ይዘህ ምነው እንደ እንግዳ ጫፍ ላይ ተንጠለጠልክ? ትወድቃለህ እኮ» አለኝ።

አልወድቅም። ወድቄም አላውቅም። ጥያቄሽ አለቀ።

ፍራሽ አዳሹ


ታኅሣሥ 25

አባዬ፣

የሚያገናኛቸው አለ። ባይኖር አልጠይቅህም ነበር።

ጋላክሲ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይዞራል። ዳር ላይ ያሉት ከዋክብት ደግሞ በጣም ይፈጥናሉ። መሃል ያለውን የሚታየውን ሁሉ፣ ኮከቡን፣ ጋዙን፣ አቧራውን ደምረን ብንመዝነው እነሱን ለመያዝ አይበቃም። ተወርውረው መሄድ ነበረባቸው። ግን አይሄዱም። ዳር ላይ ሆነው፣ ምንም በማይታይበት፣ ሳይወድቁ ይዞራሉ።

ማንም ጨለማ ቁስን አይቶት አያውቅም። እኔም አላየሁትም፤ ሳላየው ጡረታ እወጣ ይሆናል። እንዳለ የምናውቀው ዳር ያለው ኮከብ እንዴት እንደሚሄድ አይተን ነው። እየተጠነቀቀ ይሄዳል። ለአንድ ነገር ቦታ እንደሚለቅ ሆኖ ይሄዳል።

ሌላ አልጨምርም፤ ከጨመርኩ ደብዳቤዬን ትመልሳለህ።

ስህተቴን እስካሁን አላገኘሁትም። አለቃዬ ራሱ ቁጭ ብሎ ልኬቱን ደገመው፤ ሰማዩ አሁንም ለስላሳ ነው። ምክንያቱን ማንም አያውቅም። «ሂጂ፣ ትንሽ ዕረፊ፤ ሁለታችሁም የትም አትሄዱም፣ ሰማዩም አንቺም» አለኝና ፈቃድ ሰጠኝ። ባቡሩ በሳምንት አንዴ ወደ እናንተ ይመጣል። ትኬት አልቆረጥኩም። ያ ቤት አሁንም ቤቴ ከሆነ አንድ ቃል ጻፍልኝ፤ ካልሆነም ጻፍልኝና ልወቀው። ከዚህ በላይ እንዲህ መኖር አልቻልኩም።

ለልብስ ሰፊው አረንጓዴ ቀሚስ በልልኝ።

ልጅህ


ጥር 21

መልስ ያዘገየሁት ተቆጥቼ አይደለም። ነገሩን ሳላጣራ አልጽፍም ብዬ ነው።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ፍራሹን ፀሐይ ላስነካው ብዬ ወደ ግቢ ጎተትኩት። ሰፍቼ ከጨረስኩት ወዲህ ያገላበጥኩት ያን ቀን ነው። በሁለት ወንበር ላይ አጋድሜው በጎን አጎነበስኩና በአዲሱ ዓይኔ አየሁት። ጥላ በደንብ የሚወድቅበት ሰዓት ነበር።

በበሩ በኩል፣ ጫፉ ላይ፣ የኔ ጎድጓዳ ጀምሯል። ጠባብ ናት፤ ሰው በሰላም የተኛባት አትመስልም። ጥጡ ከኔ ሥር ሸሽቶ ወደ መሃል ሄዶ ጉብ ብሏል፤ ከራስጌ እስከ ግርጌ እንደ መደብ ድንበር ሠርቷል። ከዚያ ወዲያ፣ በግድግዳው በኩል፣ ማንም አልተኛበትም። እኔ አንድም ቀን አልተሻገርኩም። እንዳልተሻገርኩም አላውቅም ነበር። ተሻገር ያለኝ የለም፣ አትሻገር ያለኝ የለም። ፍራሹ ግን ያውቃል። እኩል አድርጌ የነደፍኩት ጥጥ ሁለት ሰው የሚተኛበት ፍራሽ ሆኖ ቆየኝ።

ልብስ ሰፊውን ጠራሁት። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ። «ይህን ለካ» አልኩት፤ ከድንበሩ እስከ ዳር። ዘረጋ፣ አየ፣ እንደገና ዘረጋ። የእናትሽን ቀሚስ ሁሉ የሰፋው እሱ ነው፤ ልኳን ማንም አይነግረውም። ሜትሩን ጠቀለለ። ፈታው። እንደገና ጠቀለለ።

«ልጅህ የምትመዝነው ይህን ነው?» አለኝ።

«ይህን ነው» አልኩት።

አልሳቀም። በአጥሩ ወጥቶ ሄደ፤ እስኪመሽም የስፌት መኪናውን ድምፅ አልሰማሁም።

አሸነፍኩት እንዳትዪ። ጥጥ በራሱ አይጓጉልም ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ። ተኚ ያስፈልገዋል። ተኚ የለም ግን አላልኩም። የኅዳሩን ደብዳቤዬን አውጥተሽ እንዳታነቢልኝ።

ሰማዩም ለሰለሰ ብለሽ አትጨነቂ። እኔም ፍራሹ ሜዳ ሆኖ ቀረ ብዬ ነበር።

የድሮ ክፍልሽን ጠርጌዋለሁ። አዲስ ፍራሽ ሠርቼልሻለሁ፤ ጥጡን ሁለቴ ነድፌዋለሁ፣ ጨርቁ ባለ ሰማያዊ መስመር ነው። ባቡር ጣቢያ አልመጣም፤ ሰው እየጠበቁ መቆም አልወድም። ልብስ ሰፊው ይመጣል፤ ቀሚስሽን ይዞ መምጣት ፈልጓል፣ እንዳታሳፍሪው። በሩ እርጥበት ገብቶት ይጠብቃል፤ አንኳኩተሽ አትቁሚ፣ በትከሻሽ ግፊው። እኔ ውስጥ ነኝ። ጓዳውን እንደፈለግሽ አድርጊ። በትልቁ ፍራሽ ላይ ግን እንዳትቀመጪ፤ ለዕቃ ማስቀመጫም ቢሆን አትንኪው።

በግድግዳው በኩል ያለው ጎን ሰላም ይልሻል።

ያን ነገር በተመለከተ፣ የትኛውን እንደምል ታውቂያለሽ። ቤት ገብተሽ ጫማሽን ስታወልቂ አታንሺው። ስንበላ አታንሺው። አብረን ኮረብታው ላይ ስንሄድም፣ እዚያ ቆመን እንኳ፣ አታንሺው። ይቅር ብሎኝ ይሆን እያልሽ ፊቴን አትመርምሪ፤ እዚያ የተጻፈ ነገር የለም። በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ስሙን ጠርቼዋለሁ፤ ይበቃዋል። ከእንግዲህ እስክሞት ከአፌ አይወጣም።

አባትሽ